የልብስ ሰፊዋ ደጃፍ

ዲጂኖው ከሙሽራው እጅ ሾልኮ መሬት ውስጥ ገባ። አልወደቀም፣ አልተጋደመም፤ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ወርዶ ጠፋ። ከአፍታ በኋላ ከታች «ጭልብ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሙሽራው ባዶ እጁን እያየ ደርቆ ቀረ።

«ዋጠው!» አለ። «ውሃልክ! ኧረ መሬቱ ዲጂኖዬን ዋጠው!»

ውሃልክ ከእግረኛ መንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ሲባጎ እየወጠረች ነበር። ሲባጎውን ጥላ ሮጠች። ይህን ስም ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩት ናቸው። አሥራ አራት ዓመት ድንጋይ ስታነጥፍ «ይቺ ሁለት ሚሊ ከፍ ብላለች» ካለች፣ መሣሪያው ሲቀመጥ ሁለት ሚሊ ሆኖ ይገኛል። ሙሽራውም ሙሽራ የተባለው ከተዳረ ገና ሦስት ሳምንቱ ስለሆነና ሳያስበው ብቻውን ፈገግ ስለሚል ነው። አሁን ግን ፈገግታው ድራሹ ጠፍቶ ነበር።

«ንቅንቅ እንዳትል!» አለችው። ቀበቶውን ከኋላ ጨብጣ፣ እንደ ጆንያ እየጎተተች ወደ ደረቁ መሬት አወጣችው። ከዚያ ሳንቃ አጋድማ በደረቷ ተኛችበት፤ ዲጂኖው ከገባበት ጎን ያለውን ድንጋይ በሁለት እጇ ነቅላ አወጣችና የስልኳን መብራት ወደ ውስጥ አበራች።

ከንጣፉ ሥር አፈር የለም። ክፍል ነው ያለው። አንድ በርሜል ቆሞ የሚያድርበት፣ ግድግዳው የረጠበ፣ ታቹ ጭቃ ውሃ የተኛበት ክፍል። ከጥጉ እንደ እባብ የሚያፏጭ ድምፅ ይመጣል። ዲጂኖው ጭቃው መሐል ተሰክቶ ቆሟል። ጉድጓዱ ግን እዚያ አላበቃም፤ ጨለማው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ መግቢያ ደረጃ ሥር ዘልቆ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ይምጡና ይዩልኝ እስቲ» አለች።

ጋሼ የቡድኑ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን ተሻግሯል፤ ጉልበታቸው ሲታጠፍ ከመዶሻቸው እኩል ይጮኻል። እንደ ምንም ብለው ተንበረከኩና አጎነበሱ።

«ቧንቧ ተበስቶ ነው» አሉ። «ውሃው አፈሩን እየላሰ እየላሰ ጨረሰው። ድንጋዩማ ለወጉ ያህል ነው ቆሞ የቆየው።»

የዚህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጠመጠመች፣ መቀሷን እንደ ጨበጠች ከሱቋ ብቅ አለች።

«ምንድን ነው ደግሞ ጩኸቱ? ጠዋት ምን ነበር ያላችሁኝ? እስከ ስምንት ሰዓት ደጃፍሽን እንለቅልሻለን አላላችሁም? ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ሙሽሪት ልብሷን ልትለካ…»

«እትዬ፣ እግርዎን!» ብላ ጮኸች ውሃልክ። ሴትዮዋ አንድ እግሯን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። «ደረጃውን እንዳይረግጡት። ሥሩ ባዶ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቁልቁል አየች። ከዚያ በዝግታ፣ ትኩስ ድስት እንደሚያወርድ ሰው እየተጠነቀቀች፣ እግሯን ወደ ውስጥ መለሰች።

ዕለቱ የውሃልክ የሙከራ ወር ማብቂያ ነው። ፎርማን ሆና አርባ ሜትር የተሰባበረ የእግረኛ መንገድ ተሰጣት፤ ሠላሳ አራቱን ጨርሳለች፤ የቀረችው ይቺው የልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ናት። ዛሬ ካለቀ ሹመቱ ይጸድቃል። ሰዓቷን አየች፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ኢንጂነሩ ጋ ደወለች።

ኢንጂነሩ በዕድሜ ታናሿ ነው። እሱ ለዕድሜዋ፣ እሷ ለወንበሩ ሲሉ ሁለቱም «እርስዎ» ይባባላሉ።

«ከንጣፉ ሥር ጉድጓድ አግኝተናል» አለችው። «ሰው ይውጣል። ቧንቧ ፈንድቷል።»

«አሸዋ አላችሁ?»

«አንድ ጭነት አለን።»

«በቃ፣ ሙሉትና ንጣፉን መልሱ። ቧንቧው የኛ ሥራ አይደለም። ለውሃ ክፍሉ ደብዳቤ እንጽፋለን።»

«መልሱ መቼ ይመጣል?»

«ሁለት ሳምንት… ቢበዛ ሦስት።»

«መሬቱ ሦስት ሳምንት ቆሞ ይጠብቃል?»

ኢንጂነሩ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማታል።

«ይስሙኝ ፎርማን» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለቀውን ሥራ ፎቶ ላነሳ እመጣለሁ። ሪፖርቱ ዛሬ ካልገባ ሹመትዎን የማጸድቅበት ነገር አይኖረኝም። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

የከፋው ነገር ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነበር። ስልኩን ዘጋች። የአሸዋው ክምር እዚያው አጠገቧ ነው። አካፋውም አለ። ሦስት ሰው አንድ ሰዓት ቢሠራ ጉድጓዱ ከነጨለማው ይጠፋል፤ ውሃውም ሥር ሥሩን ሥራውን ይቀጥላል።

«ሙሽራው!» አለች። «አጥር ዘርጋ። ሰው በመኪናው መንገድ ጠርዝ በኩል ይለፍ። ጋሼ፣ እትዬንና ረዳቶቻቸውን በጓሮ መስኮት ያውጡልኝ። ማንም በደጁ እንዳይወጣ።»

«በመስኮት?!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ። «እኔ በዚህ ገላዬ በመስኮት? ቀሚሱስ? የስድስት ወር ልፋቴ እኮ ነው!»

«ቀሚሱ ይቅደም» አሉ ጋሼ።

ቀሚሱም ቀደመ። ሁለት ረዳቶቿ ነጩን የሙሽራ ቀሚስ ከነመስቀያው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ ጫፉ አቧራ እንዳይነካ እግራቸውን እያነሱ እየጣሉ በጓሮ ዞረው መንገዱን ሲያቋርጡ መኪኖች ቆሙላቸው። አንድ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን ከወንበር አስነስቶ መስታወቱን ለቀቀላቸው። ደንበኛው አረፋውን እንደ ተቀባ ደጅ ላይ ቆሞ ጉዱን ያይ ጀመር።

ውሃልክ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «ወንድሜ» የሚለው ስም ላይ ጣቷ ቆመ።

ታናሽ ወንድሟ የውሃ ክፍሉ ቧንቧ ጠጋኝ ነው። ሙያውን ሲማር ታክሲ የምትከፍልለት እሷ ነበረች። ሰባት ወር ሙሉ ግን ቃል አልተነጋገሩም። እናታቸው ከገበያ ስትመለስ የእግረኛ መንገድ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ያን መንገድ ከሦስት ዓመት በፊት ያነጠፈው የውሃልክ ቡድን ነበር። ወንድሟ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት የሆስፒታል ኮሪደር፣ ሐኪሙ እየሰማ፣ «የእህቴ የእጅ ሥራ ነው የጣላት» አለ። እሷ እናቷን ወደ ቤቷ ወስዳ አስታመመች፤ እሱ ሊጠይቃት ሲመጣ እሷ ገበያ ትወጣለች። ያን መንገድም ዳግመኛ አልረገጠችውም፤ ዞራ ነው የምትሄደው። ድንጋዩን ሄዳ ብታየውና እውነትም የእሷ ጥፋት ቢሆንስ?

ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ጓል «ጧ!» ብሎ ወደቀ። ደወለች።

«እታለም?» አለ ገና በመጀመሪያው ጥሪ። ድምፁ ተርበተበተ። «እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ከልጄ ጋር ናት። ቧንቧ ፈንድቶብኛል።»

«ቤት?»

«መንገድ ላይ። ከእግሬ ሥር። ሱቅ ሊወድቅብኝ ነው።»

«የሥራ ትእዛዝ አለሽ? እንደምታውቂው ቢሮው ሳያዝዘኝ…»

«የሥራ ትእዛዝ የለኝም» አለች። «ልብሷን የምትለካ ሙሽሪት አለችኝ፣ ሥሩ የተቦረቦረ ደጃፍ አለኝ፣ አንተ አለህ።»

ወዲያ ማዶ የሞተር ብስክሌት ሲነሳ ተሰማ።

«የት ነሽ?»

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከች አለ። የመሣሪያ ከረጢቱን በጀርባው፣ የላስቲክ ቦቲውን በእጁ ይዟል። ሰላምታ እንዴት እንደሚጀምሩ ሁለቱም አላወቁበትም። እሱ እጁን ዘረጋ፤ እሷ የተዘረጋው እጅ ላይ ገመድ አስቀመጠችበት።

«ወገብህ ላይ እሰር። ሙሽራው ይይዝሃል።»

ወንድሟ ዋናውን መዝጊያ ከመንገዱ ጠርዝ ፈልጎ አገኘውና ጠመዘዘው፤ ከታች ያለው ፉጨት እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ ገመዱን ታጥቆ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ዋጠው። በመጀመሪያ የወጣው ዲጂኖው ነበር፤ ሙሽራው እንደ ጠፋ ዘመድ አቀፈው። ውሃልክ ሳንቃው ላይ በደረቷ ተኝታ መብራት ታበራለች።

«ወደ ግራ» ይላል ከታች። «ዝቅ አድርጊው። እዚህ ጋ… አገኘኋት! መገጣጠሚያዋ ናት የላላችው። ቁልፍ፣ ትልቁን።»

አቀበለችው። ብረት ከብረት ሲፋተግ ቆየ።

«ይቺን ጉድጓድ አውቃታለሁ» አለ ቀና ሳይል።

«ከየት ታውቃታለህ? እኔ ራሴ ዛሬ ነው ያየኋት።»

«እህቷን ማለቴ ነው። እማዬ የወደቀችበትን።»

የውሃልክ መብራት ከቧንቧው ላይ ሸሸ።

«አብሪልኝ» አለ ወንድሟ። «ከአምስት ወር በፊት ለጥገና ተልኬ ከፈትኩት። ልክ እንዲህ ነበር። የኛው ቧንቧ። አንቺ ያነጠፍሻቸው ድንጋዮች እኮ አንዳቸውም አልተሰነጠቁም። አፈሩ ከሥራቸው ሸሽቶ ነው የሰመጡት።»

ውሃልክ ሳንቃው ላይ ወደ ፊት ተሳበች።

«አምስት ወር?» አለች።

«አምስት ወር።»

«አፍ የለህም? ስልክ የለህም?»

«ስልክማ አለኝ። በየቀኑ ቁጥርሽን አወጣና አየዋለሁ። ሰው ሁሉ ፊት አዋርጄሽ፣ ብቻሽን በስልክ ይቅርታ ልልሽ? አፈርኩ፣ እታለም። አፈርኩ በቃ።»

ውሃልክ መብራቱን አስቀመጠች። ከጉድጓዱ ጠርዝ እፍኝ ሙሉ ጭቃ ዘገነችና ወረወረችው። ጆሮው ላይ «ጧ» ብሎ ተለጠፈ። እሱም ቀና ብሎ አያት፤ ግማሽ ፊቱ ጭቃ ነው፤ ዓይኖቹ ብቻ ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት እሷን ነው። ከዚያ እሱ። ሳቁ ጉድጓዱ ውስጥ እያስተጋባ የብዙ ሰው ሳቅ መሰለ።

«ልሳበው እንዴ?» አለ ሙሽራው ግራ ገብቶት።

«አትሳብ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ። «ገና አልጨረሰም» አለች ውሃልክ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ዛሬ እዚያው ቢያድርም አይበቃው።»

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መገጣጠሚያው ተለውጦ ጠበቀ። ከዚህ በኋላ የሆነውን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አይቶታል። ውሃልክ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችና መንገዱን ወደ አንድ ትልቅ ሞተር ለወጠችው። ጭቃው በባልዲ ወጣ፤ ጠጠሩ በጋሪ ገባ። ጋሼ የሱቁን ደረጃ በእንጨት ደገፉት። ግማሽ የተላጨው ደንበኛ አረፋው ፊቱ ላይ ደርቆ ባልዲ ሲቀባበል ታየ። ፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጋውኑን ለብሶ የጠጠር ጋሪ ገፋ። ልብስ ሰፊዋ መንገዱ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣ በሌላው «እዚያ ጋ! አልሞላም እዚያ ጋ!» ትላለች።

«እትዬ፣ ፎርማን ማነው?» አለች ውሃልክ እየሳቀች።

«ደጃፉ የማን ነው?» አለች እሷም።

አንድ ረድፍ ጠጠር በገባ ቁጥር መጠቅጠቂያ ማሽኗ ትነሳለች። እየዘለለች ስለምትሄድ «እንቁራሪት» ነው የሚሏት። ሙሽራው እጀታዋን ሲይዝ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ጉንጩ ይርገበገባል፤ አንድ ቃል ለመናገር ሲሞክር ቃሉ አሥር ቦታ ይበጣጠሳል። መሬቱ ግን ድምፁን እየለወጠ መጣ። መጀመሪያ እንደ ባዶ ሳጥን ነበር፤ ከዚያ እህል እንደ ሞላው ጆንያ፤ በመጨረሻ ጥቅጥቅ፣ ድፍን፣ እምቢ የሚል። ውሃልክ በተረከዟ መታ አድርጋ ስታዳምጥ ደም ስሯ ሁሉ ሞቀ።

«ድንጋይ!» አለች። «አምጡልኝ ድንጋይ!»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሙሽሪት ከእናቷ ጋር መጣች። ሱቁ ተዘግቶ፣ ደጃፉ ላይ ጭቃ የለበሱ ሰዎች ተንበርክከው ስታይ ክው አለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻትና ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰደቻት። ብዙም ሳይቆይ «እዚህ ውስጥ እኮ መዞር አይቻልም! ጎኑን ማየት አልቻልኩም!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ በሩ ተከፈተ።

ሙሽሪት ነጩን ቀሚስ ለብሳ ደጅ ወጣች። በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። መንገዱን ተሻግራ፣ ጠዋት ያለቀው ንጣፍ ላይ ቆመች። ጋሼ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ሙሽራው እንቁራሪቷን አጠፋት።

«ይረገጣል?» አለች ሙሽሪት ድንጋዩን እያየች።

«ይረገጣል እንጂ!» አለች ውሃልክ። «ለዚህ አይደል የተነጠፈው።»

ሙሽሪት ቀሚሱን ለቀቀችው። ጫፉ ግራጫው ድንጋይ ላይ ተዘረጋ። አንዴ ዞረች፤ ቀሚሱ አብሯት ዞረ፤ የትም አልተያዘም፣ የትም አልተደናቀፈም። ደግማ ዞረች። ፀጉር አስተካካዩ አፏጨ። ቀጥሎ ጭብጨባው ከወዲህም ከወዲያም ፈነዳ፤ ማን ለማን እንደሚያጨበጭብ አልለየም።

«ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ሰፍቶኛል» አለች ሙሽሪት።

«አየሁት፣ የኔ ልጅ፣ አየሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ መርፌ በጥርሷ እንደ ያዘች።

እንቁራሪቷ እንደገና ተነሳች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ወንድሟ የመጨረሻውን ጉዳይ ነገራት። የልብስ ሰፊዋ ደረጃ ሥር ድፍን ሆኗል፤ ደጃፉም ተነጥፏል። ከጎኑ ያለችው፣ መገጣጠሚያው ያለባት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ግን ገና ክፍት ናት።

«ይቺ ትደር» አለ። «ውሃውን ለቅቄዋለሁ። ጠዋት መጥቼ አያታለሁ። መገጣጠሚያዋ ውሃ ካላላበች ዝጊያት። ካላበች ግን ከላይ የምትጭኚበት ሁሉ ይባክናል።»

«አራት ድንጋይ ናት የቀረችን!» አለ ሙሽራው ሊያለቅስ ቃጥቶት። «አራት!»

ኢንጂነሩ በሰዓቱ መጣ። የተወለወለ ጫማውን እያየ በጥንቃቄ ጀመረ፤ አሥር ሜትር እንኳ ሳይሄድ ጫማውን ማየት ተወ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው።

«እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አለ። «እውነቴን ነው የምልዎት፣ እንዲህ ያለ…» ከዚያ በሳንቃ የተሸፈነችውን ክፍት ቦታ አየ። «ይቺስ?»

«ይቺ እስከ ነገ አትዘጋም። ከሥሯ የተጠገነ ቧንቧ አለ። ማደር አለበት።»

ኢንጂነሩ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፎርማን፣ አራት ድንጋይ ናት። አሁን ከላይ ጣል ያድርጓት፤ ፎቶ አነሳለሁ። ነገ ጠዋት መልሰው ያንሷት። ሪፖርቱ ‹ተጠናቋል› ይላል፣ የእርስዎም ጉዳይ ያልቃል። ማን ያውቃል?»

አራቱ ድንጋዮች ታጥበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ለመደርደር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሙሽራው ዓይን ዓይኗን ያያል፤ እጁ ቀድሞት ወደ ድንጋዮቹ ዘንበል ብሏል። ጋሼ ጉልበታቸውን አሹ። ወንድሟ ቦቲውን ማውለቅ አቆመ። ውሃልክ ሹመቱን አሰበች፤ ደመወዙን አሰበች፤ የኢንጂነሩን ዓይን ማየት ከበዳት፣ መልካም አስቦላት ነውና። ከእግሯ ሥር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትጠቀጥቀው የዋለችው መሬት ነበር። ተረከዟን ጫነችው፤ ንቅንቅ አላለም።

ሄዳ የሳንቃውን ጫፍ ያዘች። ጎትታ አነሳችና ወደ ዳር ጣለችው። የማታው ፀሐይ ጉድጓዷ ውስጥ ገባ፤ አዲሱ መገጣጠሚያ አብለጨለጨ።

ከጉድጓዷ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና እግሮቿን ወደ ውስጥ ለቀቀች።

«ኑ፣ ጠጋ በሉ» አለች ለሰዎቿ፤ ወንድሟንም በዓይኗ ጠራችው። «ኢንጂነር፣ ከነጉድጓዱ ያንሱን።»